የጣራ አሠራርና የበረዶ ክብደት በደብረ ታቦር አካባቢ

በአማርኛ «በረዶ» የሚለው ቃል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ያመለክታል። አንደኛው በብርድ አገሮች እንደ ጥጥ ብናኝ እየወረደ ለሳምንታት ሳይቀልጥ የሚቆየው ነው። ሁለተኛው በደጋው አገራችን ነጎድጓድ ታጅቦ እንደ ጠጠር የሚወርደው ነው። ይህ ልዩነት ለጂኦግራፊ መምህር ብቻ ሳይሆን የትምህርት ቤት ሕንፃ ለሚያቅድ ባለሙያም መሠረታዊ ነው።

አዲስ የወረደ ብናኝ በረዶ በውስጡ ብዙ አየር ስላለ የአንድ ሜትር ኩብ ክብደቱ 100 ኪሎ ግራም ገደማ ነው፤ ሲደራረብና ሲጠቀጠቅ ግን ከእጥፍ በላይ ይከብዳል። በመሆኑም በጃፓን የሺራካዋ መንደር የሣር ጣራዎች በረዶው ተንሸራቶ እንዲወርድ እስከ 60 ዲግሪ አዘቅዝቀው ይሠራሉ። በአንዳንድ የአልፕስ ተራሮች አካባቢዎች በአንጻሩ ጣራው ለጥ ብሎ፣ በረዶውን በሚሸከም ወፍራም እንጨት ይሠራል።

ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ በአቅራቢያዋ ያለው የጉና ተራራም ከ4,000 ሜትር ይበልጣል። ይሁን እንጂ ብናኙ በረዶ በስሜን ተራሮች አናት ላይ አልፎ አልፎ ቢታይም፣ የደብረ ታቦርን ቤት ሠሪ የሚያሳስበው አይደለም። የሣር ክዳን ጎጆ ጣራ የሚሾለው የዝናቡ ውኃ ወደ ሣሩ ሳይሰርግ ቶሎ እንዲወርድ ነው። ቆርቆሮ ውኃ ስለማያስገባ ይህን ያህል መሾል አያስፈልገውም።

ጠጠሩ በረዶ ከቆርቆሮ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ተንከባልሎ ይወርዳል። አደጋው ያለው መውረጃ ባጣበት ቦታ ነው። ሁለት ጣራዎች ዘቅዝቀው በሚገናኙበት ጎድጓዳ መስመር የተከማቸ በረዶ 60 በመቶው ገደማ ጠጣር፣ የቀረው አየር ነው ቢባል፣ የአንድ ሜትር ኩብ ክብደቱ 550 ኪሎ ግራም ገደማ ይሆናል። መስመሩ 8 ሜትር ርዝመት፣ 1 ሜትር ስፋትና 15 ሳንቲ ሜትር የበረዶ ጥልቀት ቢኖረው 660 ኪሎ ግራም፣ ማለትም ከስድስት ኩንታል ተኩል በላይ ይሸከማል። ከበረዶው በስተጀርባ የሚታገደው ዝናብም ከቆርቆሮው ሥር ገብቶ እንጨቱን ያበሰብሳል፤ የጭቃውንም ግድግዳ ከላይ ይሸረሽራል።

ከክብደቱ ሌላ ነፋስ አለ። 0.4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቆርቆሮ በካሬ ሜትር ከ4 ኪሎ ግራም በታች ስለሚመዝን፣ ነፋስ ከሥር ገብቶ በቀላሉ ያነሣዋል። ስለዚህ ጣራ ወደ ታች የሚጫነውን መሸከም ብቻ ሳይሆን ወደ ላይ የሚስበውንም መቋቋም አለበት።

ከዚህ በመነሣት ለትምህርት ቤት የሚስማማው አራት ማዕዘን ቤት ላይ የሚሠራ፣ በሁለት ወገን ብቻ የሚያዘቀዝቅ ቀላል ጣራ ነው። ተጨማሪ ክፍል ሲሠራ ጣራዎቹ እንዳይገናኙ ቤቶቹን ማራራቅ ይመረጣል። ወራጁ ከቋሚው ጋር በጥብቅ ይታሰር፤ ባለጎማው የቆርቆሮ ሚስማርም በጉብታው ላይ ይመታ፤ በጣራው ጠርዝም ሚስማሩ ይበርክት። ክረምት ሳይገባ አሸንዳው ከቅጠል ይጽዳ።

መምህራን ጉዳዩን በክፍል ሊያሳዩት ይችላሉ። በረዶ ሲጥል አንድ ጣሳ ሞልቶ መመዘንና እስኪቀልጥ መጠበቅ ይበቃል። ጣሳው ከግማሽ በላይ ውኃ ይዞ ሲገኝ፣ በጣራው ጎድጓዳ ያረፈው ሸክም ምን ያህል እንደሆነ ተማሪው ራሱ ያሰላዋል።