ማስተማር የሚያቆም መምህር ጡረታው ምን ይሆናል?

«ጋሼ፣ ብለቅ የ22 ዓመት የጡረታ ብሬን ይመልሱልኛል?» ብላ ከቡሬ የደወለችልኝ የአጎቴ ልጅ ናት። በምዕራብ ጎጃም ገጠርና በፍኖተ ሰላም ስታስተምር ኖራ አሁን 46 ዓመቷ ነው። ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ጀምሮ በግጭቱ ሳቢያ በክልሉ በርካታ ትምህርት ቤቶች በመዘጋታቸው፣ ሌላ እንጀራ የፈለገች መምህርት እሷ ብቻ አይደለችም።

አይመልሱላትም፤ ጡረታ የቁጠባ ደብተር አይደለም። ከ20 ዓመት በላይ ስላገለገለች ግን መብቷ አይጠፋም፤ ክፍያው 60 ሲሞላት ይጀምራል። ስሌቱ ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ነው፤ ለእሷ 45 በመቶ ይሆናል። መነሻው ከመልቀቋ በፊት የነበሩት 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ ነው። 8,000 ብር ነው እንበል፤ 3,600 ብር ይደርሳታል። ጉዱ እዚህ ላይ ነው፦ የዛሬ 14 ዓመት 3,600 ብር ስንት ኪሎ ጤፍ ይገዛል?

ሌላም መንገድ አለ። ከሐምሌ 2003 ዓ.ም ወዲህ የግል ድርጅት ሠራተኛም ባለጡረታ በመሆኑ፣ የመንግሥቱና የግሉ አገልግሎት ይደመራል። የግል ትምህርት ቤት ተቀጥራ እስከ 60 ብትሠራ 36 ዓመት ይሞላታል፤ 62.5 በመቶ፣ ያውም በመጨረሻዎቹ ዓመታት ደመወዟ ታስቦ። ለዚህም ከእሷ 7፣ ከአሠሪዋ 11 በመቶ በየወሩ ገቢ መሆን አለበት። «ጡረታ ከሚቆረጥብሽ በእጅሽ ልጨምርልሽ» የሚል አሠሪ ካጋጠማት ግን እነዚያ ዓመታት አይቆጠሩላትም።

ይህን ስላት ዝም አለች። ለካ አዲሱ ቀጣሪዋ ይህንኑ ብሏት ኖሯል።