«ጥሩ ነው» የሚለው መልስ ምን ይለካል?

አንዲት እናት አነስተኛ ክፍያ ከሚጠየቅበት የሥነ ተዋልዶ ጤና ክሊኒክ ስትወጣ በሩ ላይ ወረቀትና እስክሪብቶ የያዘ ወጣት ይጠብቃታል እንበል። «በተሰጠዎት አገልግሎት ረክተዋል?» ሲል በትሕትና ይጠይቃታል። ሴቲቱ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምራ ተሰልፋ አሁን ስድስት ሰዓት ሆኗል። የሦስት ወር መርፌዋን ተወግታለች፤ ስለ መርፌው ግን ከቀጠሮው ቀን በቀር የተነገራት ነገር የለም። መልሷ አጭር ነው፤ «እግዚአብሔር ይስጣቸው፤ ጥሩ ነው።» ወጣቱም «በጣም ረክቻለሁ» ከሚለው ሣጥን ውስጥ ምልክት ያኖርና ወደሚቀጥለው ተገልጋይ ያልፋል። ከሦስት ወር በኋላ ያች እናት ለቀጠሮዋ አትመጣም።

ታሪኩ ለምሳሌ ያህል የቀረበ ነው። ሆኖም በጤና ተቋማት የሚደረጉ የእርካታ ጥናቶችን ላገላበጠ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። በአንድ በኩል «ረክቻለሁ» የሚሉት ተገልጋዮች ቁጥር እጅግ ከፍ ብሎ ይታያል፤ በሌላ በኩል ከእነዚሁ መካከል ጥቂት የማይባሉት አገልግሎቱን ያቋርጣሉ። ሴቲቱ ዋሽታለች እንዳንል የምትዋሽበት ምክንያት የላትም። በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምንሞክረው ስሕተቱ የሚገኘው ከመልሱ ይልቅ በመለኪያው ላይ መሆኑን ነው። (በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጉዳዩ ለአገራችን ቀላል አይደለም። በ2000 በተካሄደው የመጀመሪያው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ100 ያገቡ ሴቶች መካከል የወሊድ መቆጣጠሪያ የሚጠቀሙት 8 ብቻ ነበሩ። በ2016 በተደረገው ተመሳሳይ ጥናት ይህ አኃዝ ወደ 36 ከፍ ብሏል፤ ከሁሉም ይበልጥ የተመረጠው ዘዴ መርፌ ነበር። በመንግሥት ጤና ጣቢያዎችና ጤና ኬላዎች አገልግሎቱ ያለ ክፍያ ይሰጣል። ከእነዚህ ጎን ለጎን በ1966 የተቋቋመው የቤተሰብ መምሪያ ማኅበርና ከ1990 ጀምሮ በኢትዮጵያ የሠራው ሜሪ ስቶፕስ ኢንተርናሽናል በአነስተኛ ክፍያ የሚያገለግሉ ክሊኒኮችን ከፍተው ብዙ ሴቶችን አስተናግደዋል። ይሁን እንጂ የ2016ቱ ጥናት ሌላም ነገር ይነግረናል። አንድ የመቆጣጠሪያ ዘዴ ከጀመሩት መካከል አንድ ሦስተኛ የሚሆኑት በ12 ወራት ውስጥ አቋርጠዋል። ከእነዚህ ውስጥ ልጅ ለመውለድ ፈልገው ያቆሙ መኖራቸው ግልጽ ነው። ሌሎቹ ግን እርግዝናን ሳይፈልጉ ዘዴውን የተዉ ናቸው።

ይሉኝታ እንደ መለኪያ ስሕተት

በላቦራቶሪ የሠራ ተማሪ ሁሉ ሁለት ዓይነት የመለኪያ ስሕተት እንዳለ ያውቃል። አንደኛው በዘፈቀደ የሚመጣው ነው፤ አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ ታች ያዛባል፤ ልኬቱ ብዙ ጊዜ ሲደጋገምና አማካዩ ሲወሰድ እየቀነሰ ይሄዳል። ሁለተኛው ሥርዓታዊ ስሕተት ይባላል። ባዶውን ሳለ 50 ግራም የሚያሳይ ሚዛን አንድ ጊዜ ብንመዝንበትም አሥር ሺህ ጊዜ ብንመዝንበት ያችኑ 50 ግራም መጨመሩን አይተውም።

በክሊኒክ በር ላይ የሚሰበሰበው መልስ የሚሠቃየው በዚህ በሁለተኛው ዓይነት ስሕተት ነው። የውጭ አገር ተመራማሪዎች መልስ ሰጪው ጠያቂውን ላለማስከፋት የሚያደርገውን ማዘንበል ለመግለጽ ረዘም ያለ ሐረግ ያስፈልጋቸዋል፤ እኛ «ይሉኝታ» የሚል አንድ ቃል አለን። የጠየቃት ወጣት ምናልባት የክሊኒኩ ሠራተኛ ነው፤ ባይሆንም ይመስላል። መርፌ የወጋቻት ነርስ ከግድግዳው ማዶ ናት። ነገ ተመልሳ የምትመጣው ወደዚሁ ቤት ነው። የከፈለችውም ጥቂት ብር በመሆኑ ቅሬታ ማቅረብ ውለታ መርሳት ይመስላታል። በዚህ ላይ የጥበቃዋ ደረጃ ዝቅተኛ መሆኑ ይጨመራል። ሰድበው ሊመልሷት ይችሉ እንደነበር የምታስብ ሴት ዝም ብለው ስለወጓት ብቻ ከልቧ ልትረካ ትችላለች። እንዲህ ከሆነ ጠያቂው አንድ መቶ ሰው ቢጠይቅም አንድ ሺህ ቢጠይቅ የናሙናው መብዛት ይሉኝታን አያስወግድለትም።

የጥያቄው አቀራረብም የራሱ ድርሻ አለው። በ2018 ውጤቱ የታተመ አንድ የናይጄሪያ ጥናት ከመጀመሪያ ደረጃ ጤና ተቋማት የወጡ ሕሙማንን በዕጣ ለይቶ፣ ለከፊሎቹ ዓረፍተ ነገሮቹን በአዎንታ፣ ለቀሩት ደግሞ በአሉታ አቀረበላቸው። «ሠራተኞቹ ትሑታን ነበሩ፤ ይስማማሉ?» ተብሎ መጠየቅና «ሠራተኞቹ ትሕትና የጎደላቸው ነበሩ፤ ይስማማሉ?» ተብሎ መጠየቅ ማለት ነው። አገልግሎቱ ያው ሆኖ ሳለ በአሉታ በተጠየቁት ዘንድ የእርካታው መጠን በጉልህ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ብዙ ሰው የቀረበለትን ሐሳብ መቃወም ስለሚከብደው ወደ «እስማማለሁ» ያዘነብላል። ሬንሲስ ላይከርት በ1932 ያስተዋወቀውን ባለ አምስት ደረጃ መለኪያ ለመመረቂያ ጽሑፋችሁ የምትጠቀሙ ተማሪዎች ዓረፍተ ነገሮቻችሁን ሁሉ በአዎንታ ጽፋችሁ እንደሆነ አንድ ጊዜ መለስ ብላችሁ ብታዩአቸው መልካም ነው።

ታዲያ ሕሙማኑን መጠየቅ ትተን ሐኪሙን ቆመን ብንመለከትስ? ይህም ተሞክሯል። በሰሜን ታንዛንያ በአሩሻ አካባቢ ኬኔት ሌናርድና መልኪያሪ ማሳቱ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ ተመልካቹ ወደ ምርመራው ክፍል ሲገባ የሐኪሙ ሥራ ወዲያው እንደሚሻሻል፣ ከዚያም ከአሥር እስከ አሥራ አምስት የሚሆኑ ሕሙማን ከታዩ በኋላ ወደ ቀድሞው ደረጃ እንደሚመለስ አሳይተዋል። ሐኪሙ ሊረሳው እስኪችል ድረስ የሚቀመጥ ተመልካች ያስፈልጋል ማለት ነው። ከዚህ ግኝት ይልቅ ለጉዳያችን የሚጠቅመን ግን ይህን ያወቁበት መንገድ ነው። ተመልካቹ ከመድረሱ በፊት የነበረውን የሥራ ደረጃ ያወቁት ከክፍሉ የወጡትን ሕሙማን በመጠየቅ ነው። የጠየቋቸውም «ረክተዋል?» ብለው ሳይሆን ሐኪሙ ይህን ጠየቀዎት ወይ፣ ይህን መረመረዎት ወይ እያሉ ነበር። ስለተደረገው ድርጊት ሲጠየቅ ያው ይሉኝታ የሚያጠቃው ሕመምተኛ የሚታመን ምስክር ሆኖ ተገኘ።

ሌላው ዘዴ ስውር ተገልጋይን መላክ ነው። የሠለጠነች ሴት እንደማንኛዋም ተገልጋይ ትሰለፋለች፤ ትጠየቃለች፤ ስትወጣ ያየችውን ትመዘግባለች። ብዙ መረጃ የሚሰጥ ዘዴ ቢሆንም ከሥነ ምግባር አንጻር ጥንቃቄ ይሻል። ተቋሙ በቅድሚያ ፈቃዱን መስጠት አለበት፤ ልዑኳም መርፌ ሳትወጋ የምትወጣበት ምክንያት ሊዘጋጅላት ይገባል።

በማሕፀን ውስጥ የሚሆነው

ስለ ድርጊት የሚጠይቁ ጥያቄዎች ከስሜት ጥያቄዎች የተሻሉ የሆኑት ለምን እንደሆነ ለመረዳት ወደ መርፌው እንመለስ። ዴፖ ፕሮቬራ በሚል የንግድ ስም የታወቀው መርፌ 150 ሚሊ ግራም ሜድሮክሲፕሮጄስትሮን አሲቴት ይዟል። ይህም ሰውነት ራሱ ከሚሠራው ፕሮጄስትሮን ከተባለው ሆርሞን ጋር የሚመሳሰል ነው። መድኃኒቱ በውኃ ውስጥ የተንሳፈፉ ረቂቅ ክሪስታሎች ሆኖ ስለሚቀርብ ጠርሙሱ ከመቀዳቱ በፊት በደንብ መነቅነቅ አለበት። ክሪስታሎቹ በጡንቻ ውስጥ ተቀምጠው ቀስ በቀስ ስለሚሟሙ አንድ መርፌ ለሦስት ወር ያገለግላል።

ሆርሞኑ ፒቱታሪ ዕጢ በወሩ አጋማሽ ላይ የሚያመነጨውንና እንቁላልን የሚያስለቅቀውን የኤል.ኤች. ሆርሞን ከፍታ ያግዳል። እንቁላል ካልወጣ ጽንስ የለም። በተጨማሪም የማሕፀን ውስጠኛ ሽፋን እየሳሳ ይሄዳል። በመጀመሪያዎቹ ወራት በዚህ ስስ ሽፋን ውስጥ ያሉት ጥቃቅን የደም ሥሮች በቀላሉ ስለሚሰበሩ ደም ጊዜውን ሳይጠብቅ ጠብ ጠብ ይላል። ቆየት ሲል ሽፋኑ የሚፈርስ ነገር እስኪያጣ ድረስ ይሳሳና የወር አበባ ጨርሶ ይቀራል። መርፌውን ለአንድ ዓመት ከተጠቀሙት መካከል ግማሽ ያህሉ ይህ ይደርስባቸዋል።

ይህ ያልተነገራት ሴት ምን ታስባለች? በየሰፈሩ የሚሰማው ማብራሪያ «ደሙ ውስጥ ተጠራቅሟል» የሚል ነው። ከራሷ ልምድ ተነሥታ ብታስበው ማብራሪያው ምክንያታዊ ነው፤ በየወሩ ይወጣ የነበረው ነገር ካልወጣ የት ሄደ? እውነቱ ግን የተጠራቀመ ነገር አለመኖሩ ነው፤ ሽፋኑ ስላልተገነባ የሚፈርስም የለም። ከዚህ የሚከተለው ሥጋት መሃንነት ነው። እዚህ ላይ ከፊል እውነት መኖሩ ነገሩን ያከብደዋል። መርፌው መሃን አያደርግም፤ ግን ክሪስታሎቹ ሟምተው እስኪያልቁ ጊዜ ስለሚወስዱ ማርገዝ የሚፈልጉ ሴቶች ከመጨረሻው መርፌ በኋላ በአማካይ አሥር ወር ያህል ይጠብቃሉ። ይህን አስቀድማ የሰማች ሴት አሥሩን ወር ትቆጥራለች። ያልሰማችው ግን በአራተኛው ወር ላይ ጎረቤቷ የነገረቻት እውነት ሆኖ ታገኘዋለች፤ ለሌሎች አምስት ሴቶችም ትነግራለች።

የማብራሪያው ዋጋ በቁጥር ተለክቷል። በ1996 በታተመ የቻይና ጥናት ይህንኑ መርፌ ከጀመሩት ሴቶች መካከል ከፊሎቹ ስለ ደም መዛባትና ስለ ሌሎች የጎንዮሽ ጉዳቶች አስቀድሞ የተዘጋጀ ዝርዝር ምክር ሲሰጣቸው የቀሩት የተለመደውን ብቻ አገኙ። በአንድ ዓመት ውስጥ ያቋረጡት ከመጀመሪያዎቹ 11 በመቶ፣ ከኋለኞቹ 42 በመቶ ነበሩ። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ የሚፈሰውም ደም ያው ነው። ልዩነቱ ቃል ብቻ ነበር። በ1992 በታተመ ሌላ ጥናትም በጋምቢያ በቂ ምክር አላገኘንም ካሉት 51 በመቶ፣ አግኝተናል ካሉት 14 በመቶ ዘዴያቸውን በጊዜ አቋርጠዋል። በኒጀር አኃዞቹ 37 እና 19 ነበሩ። በዚህኛው ጥናት ላይ ግን አንድ ጥርጣሬ ማንሣት ይገባል፤ ዘዴውን በምሬት የተወች ሴት የተሰጣትን ምክር ወደ ኋላ ስታስበው እንዳልተሰጣት ሆኖ ሊታወሳት ይችላል።

ሦስት ጥያቄዎች

የጤና አገልግሎትን ጥራት በሳይንሳዊ መንገድ ለመመዘን መንገዱን የጠረገው አቬዲስ ዶናቤዲያን ሲሆን በ1966 ባሳተመው ጽሑፍ የተቋሙን አቅም፣ የአሠራሩን ሂደትና ውጤቱን ለይቶ ማየት እንደሚገባ አስረዳ። በ1990 ደግሞ ጁዲት ብሩስ ለቤተሰብ ምጣኔ የሚሆን መመዘኛ ስታቀርብ የዘዴ ምርጫንና ለተገልጋይዋ የሚሰጠውን መረጃ ከባለሙያው የእጅ ችሎታ እኩል አስቀመጠቻቸው። ከዚህ ሐሳብ በመነሣት ዛሬ በብዙ አገሮች የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች የሚቀርቡ ሦስት አጫጭር ጥያቄዎች አሉ። ስለ ሌሎች ዘዴዎች ተነግሮሽ ነበር? ይህ ዘዴ ስላለው የጎንዮሽ ጉዳት ተነግሮሽ ነበር? ጉዳቱ ቢገጥምሽ ምን ማድረግ እንዳለብሽስ? ሦስቱም በ«አዎ» ወይም በ«አይ» የሚመለሱ ናቸው፤ ውለታ ቢስ የሚያሰኝም ነገር የለባቸውም። በ2016 በኢትዮጵያ ለሦስቱም «አዎ» ያሉት ተጠቃሚዎች ከግማሽ በታች ነበሩ። ይህን ከእርካታ ጥናቶች ከፍተኛ አኃዝ ጎን ማስቀመጥ በቂ ነው።

እነዚህም ጥያቄዎች ቢሆኑ ጎደሎ ናቸው። መነገሩን እንጂ መረዳቷን አይለኩም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ገና ያልደረሰውን ልምድ ሊይዙ አይችሉም። ከ2009 ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በክንድ ውስጥ የሚቀበረውን ኢምፕላኖን እንዲያስገቡ መሠልጠናቸው ዘዴውን ወደ ገጠር አድርሶታል። ማስገባቱ የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ ማውጣቱ ግን ክንድን በጥቂቱ መሠንጠቅን ስለሚጠይቅ የተለየ ሥልጠና ይፈልጋል። ጊዜው ሳይደርስ እንዲወጣላት የምትጠይቅ ሴት «ትንሽ ታገሺ» ተብላ ልትመለስ ትችላለች። በገባላት ቀን በር ላይ ብትጠየቅ ስለዚህ ምን ልትል ትችላለች?

በሩ ላይ የቆመው ወጣት ከሦስት ወር በኋላም ተመልሶ ቢመጣ የሚያገኛቸው የተመለሱትን ብቻ ነው። ያልተመለሱት በናሙናው ውስጥ የሉም፤ ስለዚህ የእርካታው መጠን ባለፈው ጊዜ ከነበረው ይበልጥ ከፍ ብሎ ሊታይ ይችላል። ያልመጡትን ማግኘት ግን አይቻልም ማለት አይደለም። እያንዳንዱ ክሊኒክ የቀጠሮ መዝገብ አለው፤ ቀኗ አልፎ ያልመጣች ሴት ሁሉ እዚያ ተመዝግባለች። ችግሩ ሌላ ነው። አንዳንድ ሴቶች መርፌውን የሚወስዱት ከባላቸው ወይም ከቤተሰባቸው ተደብቀው በመሆኑ ቤቷን አንኳኩቶ መጠየቅ ምስጢሯን ሊያወጣባት ይችላል። በመሆኑም መጀመሪያ በመጣችበት ቀን፣ ካርዱ ሲሞላ፣ የቀጠሮው ቀን ከመጻፉ በፊት አንድ ተጨማሪ መስመር ያስፈልጋል፤ «ብትቀሪ እንድንጠይቅሽ ትፈቅጃለሽ? የትና እንዴት እናግኝሽ?»