ከስንት ሰው ስንቱ?

በሐኪም ክፍል ውስጥ በብዛት የሚሰማው ቃል «እሺ» ነው። «ኪኒኗን በየቀኑ ይውሰዱ።» እሺ። «ጨው ይቀንሱ።» እሺ። «በወሩ ይመለሱ።» እሺ ዶክተር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ታማሚው ማዘዣውን ይዞ ይወጣል፣ ተረኛው ይገባል። ሐኪሙ አስረድቻለሁ ብሎ ያምናል። ታማሚው ደግሞ ያልገባውን መጠየቅ ድፍረት መስሎት «እሺ» ብሏል። የሁለቱን ንግግር ብዙዎቻችን የምናየው እንደ ትሕትና ጉዳይ ብቻ ነው፤ ፈገግ የሚል ሐኪም ጥሩ፣ የሚቆጣ ሐኪም መጥፎ እንላለን። እኔ ግን ንግግሩ ራሱ የሕክምናው አካል ነው እላለሁ፤ በአግባቡ ካልተሰጠም ጉዳት ያደርሳል።

የደም ግፊትን እንውሰድ። ግፊት አብዛኛውን ጊዜ አያምም። የላይኛው ቁጥር 160፣ የታችኛው 100 ሆኖም ሰው ሥራውን ይሠራል፣ ቡናውን ይጠጣል፣ ይስቃል ይጫወታል። አንዲት እናት ራሳቸውን አሟቸው ጤና ጣቢያ ይሄዱና ግፊት አለብዎ ይባላሉ። እሳቸው የሚያስቡት ስለ ራስ ምታታቸው ነው፤ ሐኪሙ የሚያስበው ከዓመታት በኋላ ሊመጣ ስለሚችለው ስትሮክ፣ ስለ ልብና ስለ ኩላሊት መድከም ነው። የራስ ምታቱ ሲለቃቸው ኪኒኑን ይተዉታል፤ ለእሳቸው በሽታው አልቋል። «ይህ መድኃኒት የዛሬውን ሕመም የሚያስታግስ ሳይሆን የነገውን ስትሮክ የሚከላከል ነው፤ ደህና ነኝ ቢሉም አያቋርጡት» ያላቸው ሰው የለምና አይፈረድባቸውም።

የጎንዮሽ ጉዳቱም እንዲሁ ነው። ለግፊት በብዛት ከሚታዘዙት መድኃኒቶች አንዱ ኢናላፕሪል ነው። ይህ መድኃኒት ከ100 ተጠቃሚዎች ከ5 እስከ 20 በሚሆኑት ላይ ደረቅ ሳል ያመጣል። ሳሉ ለሕይወት የሚያሰጋ አይደለም፤ ሌሊት ግን እንቅልፍ ይነሳል። አስቀድሞ ያልተነገረው ሰው ጉንፋን ይመስለዋል፣ ወይም ሳንባ ነቀርሳ ያዘኝ ብሎ ይሰጋል። መድኃኒቱን የጠረጠረው ደግሞ ለማንም ሳይናገር ያቆመዋል። በቀጠሮው ቀን ሐኪሙ ግፊቱ አለመውረዱን ያይና መጠኑን ይጨምራል፤ የማይዋጥ ኪኒን መጠኑ ቢጨመር ምን ሊረባ? «ሳል ካስቸገረዎ ተመልሰው ይንገሩኝ፣ በሌላ እንቀይረዋለን» ቢባል ኖሮ ይህ ሁሉ ይቀር ነበር። ለመናገር ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ስለ አደጋ ስንነጋገር ትልቁ ወጥመድ ቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1995 የብሪታንያ የመድኃኒት ደኅንነት ኮሚቴ አንድ ማስጠንቀቂያ አወጣ። በወቅቱ አዲስ የነበሩት የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብሎች በደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋትን አደጋ በእጥፍ ይጨምራሉ አለ። «እጥፍ» የሚለው ወሬ በጋዜጣና በቴሌቪዥን ተሰራጨ፤ ብዙ ሴቶች ደንግጠው እንክብሉን አቆሙ። እውነቱ ምን ነበር? የቀድሞውን እንክብል ከሚወስዱ 7,000 ሴቶች ውስጥ ደም የሚረጋባት 1 ነበረች፤ አዲሱን ከሚወስዱ 7,000 ደግሞ 2 ሆኑ። እጥፍ መባሉ ሐሰት አይደለም። የጨመረው ግን ከ7,000 አንድ ሰው ነው። በተከታዩ ዓመት በእንግሊዝና በዌልስ ተጨማሪ 13,000 ያህል ፅንስ ማቋረጥ እንደተፈጸመ ይገመታል። የሚያሳዝነው፣ እርግዝና ራሱ ከእንክብሉ ይበልጥ ደም የማርጋት አደጋ አለው። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ጌርድ ጊገረንዘር ሐኪሞችን ስለ ቁጥር ሲያስተምሩ ይህን ታሪክ ደጋግመው ያነሱታል።

ተስፋ የሚሰጥ ቁጥርም እንዲሁ ያሳስታል። «ይህ መድኃኒት አደጋውን በግማሽ ይቀንሳል» ቢባሉ፣ ከ100 ሰው 20 ይታመሙ የነበሩት ወደ 10 ወርደው ሊሆን ይችላል፤ ከ1,000 ሰው 2 ይታመሙ የነበሩት ወደ 1 ወርደውም ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ግማሽ ነው። ለመጀመሪያው ሲባል በየቀኑ ኪኒን መዋጥም፣ ከደሞዝ ላይ ቆርጦ መግዛትም ያዋጣል። ለሁለተኛው ግን ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። ስለዚህ «ይጨምራል»፣ «ይቀንሳል» የሚል ቃል ሲሰሙ የሚቀጥለው ጥያቄ «ከስንት ሰው ስንቱ?» ይሁን። መድኃኒቱን ስወስድ ከስንት ስንቱ፣ ባልወስድስ ከስንት ስንቱ? ይህን ለመጠየቅ ሒሳብ መማር አያስፈልግም።

የትኛው አደጋ ይነገር የሚለውስ? በስኮትላንድ አንዲት የስኳር ሕመምተኛ እናት እ.ኤ.አ. በ1999 ልጅ ወለደች። ስኳር ያለባቸው እናቶች ጽንስ ብዙ ጊዜ ይገዝፋል፤ በምጥ ጊዜ የሕፃኑ ትከሻ የመያዝ ዕድሉ ከ100 ከ9 እስከ 10 ነበር። ሐኪሟ ይህን አልነገረቻትም፤ በሕፃኑ ላይ ከባድ ጉዳት የመድረሱ ዕድል አነስተኛ ነው ብላ አስባ ነበር፤ ከተነገራቸው ደግሞ እናቶቹ ሁሉ በቀዶ ሕክምና ልውለድ ይላሉ የሚል ስጋትም ነበራት። የሕፃኑ ትከሻ ተያዘ፣ በአየር እጥረት አንጎሉ ተጎዳ። የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2015 ለእናትየዋ ፈረደ። የሞንትጎመሪ ጉዳይ በሚባለው በዚህ ውሳኔ መሠረት ሐኪም መናገር ያለበት ሌሎች ሐኪሞች የሚናገሩትን ያህል ብቻ አይደለም፤ በታማሚዋ ቦታ ያለ አስተዋይ ሰው ሊያውቀው የሚፈልገውን አደጋ ሁሉ ነው። ፍርዱ የብሪታንያ ቢሆንም ሐሳቡ በየትም አገር ያስኬዳል።

እስካሁን ያወራሁት ሐኪሙ ስለሚናገረው ነው። እኛ አገር ግን የባሰው ችግር ታማሚው የማይናገረው ነው። ፀበል ጀምሬያለሁ ብል ይቆጡኛል፣ የባህል መድኃኒት ጠጥቻለሁ ብል ይስቁብኛል፣ ገንዘብ ስላጠረኝ ግማሹን ኪኒን ነው የገዛሁት ብል አፍራለሁ እያለ ይዋጠዋል። የኤችአይቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት ከጀመረበት ከ1997 ዓ.ም. በኋላ ፀበል ገብተው መድኃኒቱን ያቋረጡ ነበሩ። የወቅቱ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ፀበሉና መድኃኒቱ አብረው መሄድ እንደሚችሉ በአደባባይ መናገራቸው ትልቅ ነገር ነበር፤ ታማሚው ከሁለት አንዱን መምረጥ፣ ወይም አንዱን መደበቅ አላስፈለገውም።

ጾምም እንዲሁ ነው። በሁዳዴ ወቅት በአንድ ተመላላሽ ክፍል እንዲህ ያለ ንግግር ይደረጋል እንበል፦

«እማማ፣ ይጾማሉ?»

«ታዲያስ! ሁዳዴ አይደል እንዴ?»

«እስከ ስንት ሰዓት?»

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነዋ። ቅዳሴ ሳይወጣ እህል አልቀምስም።»

«የስኳር ኪኒኗንስ መቼ ነው የሚውጧት?»

«ጠዋት ነው ልጄ። ጠዋት ጠዋት ብለሽኝ የለ!»

ኪኒኗ ግሊቤንክላማይድ ከሆነች፣ ጠዋት ተውጣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ካልተቀመሰ ስኳሩ ከልክ በላይ ሊወርድ ይችላል። ያልባቸዋል፣ ይንቀጠቀጣሉ፣ ይደናገራሉ፣ ራሳቸውን ስተውም ሊወድቁ ይችላሉ። «ይጾማሉ?» ብላ ያልጠየቀች ሐኪም ይህን በምን ታውቃለች? ካወቀች ግን መድኃኒቱን ከምግቡ ሰዓት ጋር ታስማማለች ወይም ትቀይራለች፤ ከንስሐ አባትዎም ጋር ይነጋገሩ ትላቸዋለች። ረመዳንን ለሚጾም ታማሚም ጥያቄው ያው ነው፣ ወሩ ሳይገባ ቢነሳ ደግሞ ይመረጣል።

ሐኪሞች «ጊዜ የለንም» ይላሉ። በር ላይ የተደረደረውን ሰልፍ ያየ ሰው አይፈርድባቸውም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1984 አሜሪካ ውስጥ በወጣ ጥናት ታማሚው መናገር ከጀመረ በአማካይ በ18 ሴኮንድ ውስጥ ሐኪሙ ያቋርጠው እንደነበር ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ሳይቋረጡ ችግራቸውን ተናግረው የጨረሱት ከተቋረጡት ይልቅ የወሰዱት ትርፍ ጊዜ በአማካይ 6 ሴኮንድ ብቻ ነበር። በሌላ በኩል ታማሚዎች ሐኪም ከነገራቸው ውስጥ ከ40 እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን ወዲያው እንደሚረሱ የተመራማሪዎች ግምት አለ። መፍትሔው የታወቀ ነው፤ ሐኪሙ «ገባዎት?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ «በደንብ አስረድቼ እንደሆነ ልወቅ፤ ቤት ሲደርሱ ይህን መድኃኒት እንዴት ነው የሚወስዱት?» ይበል። «ገባዎት?» ለሚለው መልሱ ምንጊዜም «እሺ» ነው።

ከባድ ሕመም ሲገኝ ለቤተሰብ ነግሮ ከታማሚው መደበቅ በእኛ ዘንድ የቆየ ልማድ ነው። ከፍቅር የመጣ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግ፣ ከማን ጋር ሆኖ መስማት እንደሚሻ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ራሱ ታማሚው ነው። ንገሩኝ ካለ መብቱ ነው፤ ለልጄ ንገሩልኝ ካለም መብቱ ነው።

በውጭ አገር ለምትኖሩም አንድ ነገር ልጨምር። በአሜሪካ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። የአሥር ዓመት ልጅ የእናቱን የካንሰር ውጤት እንዲያስተረጉም አታድርጉ። የመድኃኒቱን ሰዓትም አጣሩ፤ ብልቃጡ ላይ ጠዋት 8 የሚለውን ወላጆቻችን ስምንት ሰዓት ብለው ካነበቡት ከቀኑ 8 ሰዓት ይሆናል፤ በእኛ አቆጣጠር ግን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው።

በሚቀጥለው ቀጠሮዎ ቤት ውስጥ ያለውን መድኃኒት ሁሉ፣ የባህሉንም ጨምሮ፣ በፌስታል ይዘው ይሂዱ። ጥያቄዎን በወረቀት ይጻፉ፤ መጻፍ ካልቻሉ በልጅዎ ያስጽፉ። ከክፍሉ ከመውጣትዎ በፊት የገባዎትን በራስዎ አነጋገር ለሐኪሙ መልሰው ይንገሩት፤ ካልገባዎት ደግሞ «እሺ» አይበሉ።