ያውቁ ኖሯል? የዝገት መድኃኒት ለዝገት መጠጊያ ሲሆን
የቦርከና ወንዝ በሚያረሰርሰው የጨፋ ሸለቆ፣ ከሚሴን አቋርጦ ወደ ደሴ የሚመላለስ የሚኒባስ ባለቤት የክረምቱን ጭቃ ፈርቶ የመኪናውን ሆድ ሬንጅ ወይም የተቃጠለ ዘይት ቢያስቀባ፣ ያ መድኃኒት ራሱ አንዳንድ ጊዜ ለዝገት መጠጊያ እንደሚሆን ያውቁ ኖሯል? ዝገት ብረት ከውኃና ከኦክስጅን ጋር ሲዋሐድ የሚወለድ ነውና፣ ሬንጁ በሐሩር ደርቆ በጠጠር ፍንጣሪ ሲሰነጠቅ ርጥበቱ በስንጥቁ ሰርጎ ከሥሩ ይታሰራል፤ ብረቱም ላዩ አምሮ እየታየ ውስጡ በኅቡእ ይበላል።

ከሁሉ የሚያስገርመው ግን የበሩ ነገር ነው፤ በፊት በሮች ግርጌ፣ በመስታወቱ ጠርዝ የሰረገው ዝናብ እንዲወርድባቸው የተበጁ ጠባብ ቀዳዳዎች አሉና፣ ቀቢው ሳያስተውል የደፈናቸው እንደ ሆነ ውኃው በበሩ ሆድ ይከርማል፤ በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ ሲንቦጫረቅ ይሰማል፤ ቆይቶም ግርጌው ከውስጥ ወደ ውጭ ይበሳል።

የተቃጠለው ዘይትም (በርካሽነቱ የተወደደው) የተፈጥሮን ጎማ አሳብጦ የማለስለስ ጠባይ ስላለው የባሌስትራውን ጎሚኒዎች ያለ ጊዜያቸው ያስረጃል፤ ማርሚታው ላይ ያረፈ እንደ ሆነ ደግሞ ብረቱ ሲግል ይጨሳል፣ ሽታውም እስከ ተሳፋሪው ይደርሳል። ከመቀባቱ በፊት ሆዱን አጥቦ ፈጽሞ ማድረቅ፣ ከተቀባም በኋላ የበሮቹን ቀዳዳዎች በቀጭን ሽቦ መክፈት ያሻል።