አለቀልሽ ወይስ አለቀብሽ?

ባለፈው ዓመት ሐምሌ ውስጥ ጎባ የምትኖረው አክስቴ ደወለችልኝ። እኔ አዲስ አበባ ታክሲ ሰልፍ ላይ ነኝ። የእሷ ብርድ፣ የእኔ ሥራ ፍለጋ፣ የሁላችንም የኑሮ ውድነት በየተራ ከተወራ በኋላ ድምጿን ቀነስ አድርጋ፣ "ስንዴው እኮ አለቀ" አለችኝ።

"እሰይ! እንኳን ደስ አለሽ!" አልኳት።

ዝም አለች። ኔትወርክ የተቋረጠ መስሎኝ "ሄሎ፣ ሄሎ" ማለት ጀመርኩ። እሷ ግን አለች። "ልጄ፣ አልቆብኝ እኮ ነው" አለችኝ።

እኔ የገባኝ ታጭዶ፣ ተወቅቶ ማለቁ ነበር። እሷ የምትለኝ ደግሞ ጎተራው ባዶ መሆኑን ነው። እርዳኝ ማለት ከብዷት "አለቀ" በምትል አንዲት ቃል አስጠግታ ነገረችኝ፤ እኔ ሆዬ እንኳን ደስ አለሽ አልኩ! በቴሌብር የቻልኩትን ልኬ ይቅርታ ጠየቅኩ። ቃሏ ግን ከጭንቅላቴ አልወጣችም።

በነገራችን ላይ የተሳሳትኩት ዝም ብዬ አይደለም። የባሌ ደጋ በዓመት ሁለቴ ያመርታል። ወቅቶቹ የሚጠሩት በሚዘሩበት ሳይሆን በሚሰበሰቡበት ጊዜ ነው፤ በክረምቱ የሚሰበሰበው "ገና" (የበዓሉ ገና አይደለም፣ ነው ጠበቅ ይላል)፣ በበጋው የሚሰበሰበው ደግሞ "ቦና" ይባላል። ስለዚህ ሐምሌ ላይ የድሮው እህል ጎተራ ውስጥ እያለቀ፣ አዲሱ ደግሞ ማሳ ላይ አጨዳው ሊያልቅ ይችላል። ዝናቡ ካላባራ ኮምባይነር ጭቃ ውስጥ አይገባም፤ የድሮው አልቆ አዲሱ ሳይደርስ ይቀራል። አክስቴ ላይ የደረሰው ይኸው ነው።

አሁን ወደ ቃሉ እንምጣ። አማርኛ ለ"ማለቅ" ዘመድ አጥቶ አያውቅም። ተጠናቀቀ፣ ተፈጸመ፣ አበቃ፣ አከተመ፣ ተቋጨ፣ ተገባደደ፣ ተሟጠጠ አለን። ሁሉም ግን እኩል ቦታ አይገቡም። "ተጠናቀቀ" የሪፖርትና የዜና ቃል ነው። ባነሩ ላይ መንገዱ "ተጠናቀቀ" ይላል፤ የሰፈሩ ሰው ደግሞ "ኧረ ገና አላለቀም" ይላል። "አከተመ" የሚመጣው ለዘመንና ለሥልጣን ነው፤ "ሻይዬ አከተመ" ያለ ሰው ካጋጠማችሁ ንገሩኝ። "አበቃ" ከ"በቃ" የተወለደ ስለሆነ ውስጡ ልክ አለው። "ተቋጨ" ከጋቢ ዳር የመጣ ነው፤ ጎባ ላይ ያለ ጋቢ የሚያመሽ ካለ ጀግና ነው፣ የጋቢው ዳር ክር ካልተቋጨ ደግሞ ይተረተራል። ስለዚህ አንድን ጉዳይ ቋጨነው ስንል መጨረስ ብቻ ሳይሆን እንዳይፈታ ማሰር ነው። ገበያ ላይ ደግሞ "መጨረሻው ስንት ነው?" ብለን እንጠይቅና ስንስማማ "ጨረስን" እንላለን።

"አለቀ" ግን የሁሉም ቦታ ገብ ነው። ፓኬጅ ያልቃል፣ ባትሪ ያልቃል፣ ስኳር ያልቃል፣ ክላስ ያልቃል፣ ፍቅርም ያልቃል። "አለቀ ደቀቀ!" ብለን ክርክር እንዘጋለን። "ያለቀላት ቆንጆ" ስንል አድናቆት ነው፤ "እሱ እኮ አለቀለት" ስንል ደግሞ ወዮለት ማለት ነው። በጣም ብዙ ሰው ሲሞት "ሰው አለቀ" እንላለን፤ "እልቂት" የሚለው ከባድ ቃል የወጣውም ከዚሁ ነው። ሮቤ ሱቅ ገብታችሁ ዘይት ብትጠይቁ "አለቀ" ወይም በአፋን ኦሮሞ "ዱሜ" ልትባሉ ትችላላችሁ። የሚገርመው፣ ዱሜም ለዘይት ማለቅም ለሰው ማለቅም ይሆናል። አንድን ሥራ ሠርቶ ለመጨረስ ደግሞ ሌላ ቃል፣ "ጡሙሬ" አለ።

ኢኮኖሚክስ ስንማር ክምችትና ፍሰት የሚባሉ ነገሮች አሉ። ጎተራ ውስጥ ያለው ክምችት ነው፤ በየቀኑ የሚገባውና የሚወጣው ፍሰት። አማርኛ ይህንን በአንዲት ፊደል ይጨርሰዋል። "አለቀልኝ" ስል ሥራው ተሠርቶ ለእኔ ሆነ። "አለቀብኝ" ስል የነበረኝ ከእጄ ወጣ። ልዩነቱ ል እና ብ ብቻ! አክስቴ መጀመሪያ ሁለቱንም ትታ "አለቀ" ስላለችኝ ነው የተሸወድኩት። እሷ ይሉኝታ ይዟት "ብ"ን ዋጠቻት፤ እኔ ከራሴ "ል" ጨመርኩበት።

ሌላም አለ። "ያለቀለት ምርት" ስንል ፋብሪካ ገብቶ የወጣ ማለታችን ነው። ባሌ ለፓስታና ለማካሮኒ የሚሆነውን ዱረም ስንዴ ያበቅላል፤ ሮቤ አጠገብ ያለው የሲናና ግብርና ምርምር ማዕከልም ዝርያዎች ሲያወጣ ኖሯል። ይሁንና ብዙው ስንዴ በጆንያ ወጥቶ በፓስታ ፓኬት ነው ተመልሶ ሱቅ የሚደረደረው። ገበሬው የሚሸጠው ገና ያላለቀ ነገር ነው፤ የሚገዛው ያለቀለትን። በመሃል ያለው የዋጋ ልዩነት ሌላ ሰው ኪስ ይገባል። ስንዴው ታጭዶ "አለቀልኝ" ያለ ገበሬ ክረምት ላይ "አለቀብኝ" የሚልበት አንዱ ምክንያት ይኼ ይመስለኛል።

ከጎባ ወደ ላይ ስትወጡ ደግሞ ሳነቴ አለ። ከዚያ ቱሉ ዲምቱ፣ 4,377 ሜትር። ፍልፈል እያደነ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ ቤቱ እዚያ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂዎቹ ከ500 ያነሱ ሲሆኑ ከግማሽ በላዩ ባሌ ውስጥ ነው ያሉት። ከውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ በተለያዩ ጊዜያት ፈጅቷቸዋል፤ ለዚህ ነው ለውሾችም ለቀበሮዎቹም ክትባት የሚሰጠው። ፓርኩ በመስከረም 2016 ዓ.ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ስለ ቀበሮው ስናወራ ግን "እያለቀ ነው" ብለን እናልፋለን። እያለቀብን ነው የሚል ብዙ አልሰማሁም። ያለ "ብ" ሲነገር የሌላ ሰው ዕቃ ይመስላል፤ የማን እንደሆነ የምትናገረው ያቺ ፊደል ናት።

እናም አሁን ልማድ አድርጌዋለሁ። ሰው "አለቀ" ሲለኝ፣ "አለቀልህ ወይስ አለቀብህ?" እላለሁ። ጓደኞቼ ይስቃሉ። ግን ሞክሩት፤ ብር መበደር የፈለገና ሥራ የጨረሰ ሰው ወዲያው ይለያሉ።

ዘንድሮ ሐምሌ ቀድሜ እኔ ደወልኩ። "አክስቴ፣ ስንዴው እንዴት ነው?"

"አለቀ" አለች።

"አለቀልሽ ወይስ አለቀብሽ?"

ሳቀች። "ለጊዜው አለቀልኝ። እስከ ቦናው አያልቅብኝ እንጂ።"