ከብሉ ማውንቴን ቡና ጀርባ ያለው ተራራ

በዓለም ገበያ ላይ ውድ ከሚባሉ ቡናዎች አንዱ የጃማይካው «ብሉ ማውንቴን» ነው። ለውጭ ገበያ የሚላከው በጆንያ ሳይሆን በእንጨት በርሜል ሲሆን ለረጅም ዓመታት ዋና ገዢው ጃፓን ነው። እንደኔ በማርኬቲንግ ሙያ ላይ ያለ ሰው እንዲህ ባለ ስም መቅናቱ አይቀርም። ይሁንና ስሙ የተራራው ነው፤ ተራራው ደግሞ ቡና ከመተከሉ በፊት ሌላ ትልቅ ታሪክ ነበረው።

ጉም የለበሰ ደን

ብሉ እና ጆን ክሮው ተራሮች የሚገኙት በምሥራቅ ጃማይካ፣ ከዋና ከተማዋ ከኪንግስተን በላይ ነው። ከፍተኛው ጫፍ 2,256 ሜትር ይደርሳል። ከሩቅ ሲታዩ በስስ ጉም ተሸፍነው ሰማያዊ ስለሚመስሉ «ሰማያዊ ተራሮች» ተባሉ። ኪንግስተን የምትጠጣው ውኃም ከዚሁ ይመነጫል።

በደኑ ውስጥ ከተመዘገቡት አበባ የሚያወጡ ዕፅዋት መካከል 87 ያህሉ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ አይገኙም። በአሜሪካ አህጉራት ትልቁ ቢራቢሮ የሆነው ሆሜረስም መጠጊያው እዚህ ነው፤ ዝርያው ግን የመጥፋት አደጋ ተጋርጦበታል።

ናኒና ማሩኖች

በቅኝ ግዛት ዘመን ከባርነት ያመለጡ አፍሪካውያን ወደ እነዚህ ተራሮች ሸሹ። ማሩን የሚባሉት እነሱ ናቸው። መንገዱን፣ መድኃኒቱንና መደበቂያውን ከደኑ ተማሩ፤ «አቤንግ» በተባለ የቀንድ መለከት ከሸንተረር ሸንተረር መልእክት ተለዋወጡ። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው «ጀርክ» የተባለው የሥጋ አጠባበስም የዱር አሳማ ሥጋን በቅመም አሽተው ከሚጠብሱት ከእነሱ እንደመጣ ይነገራል።

ከመሪዎቻቸው ስሟ የገነነው ናኒ ናት። ከጃማይካ ሰባት ብሔራዊ ጀግኖች ብቸኛዋ ሴት ስትሆን ምስሏ በ500 ዶላር የብር ኖት ላይ ታትሟል። እንግሊዞች ለዓመታት ተዋግተው ማሸነፍ ስላልቻሉ እ.ኤ.አ. በ1739 ከማሩኖች ጋር ስምምነት ፈረሙ። ማሩኖች ነፃነታቸውንና መሬታቸውን አገኙ። ስምምነቱ ግን መራራ ጎንም ነበረው፤ ከዚያ በኋላ አምልጠው የሚመጡ ባሪያዎችን አሳልፈው እንዲሰጡ ያስገድዳቸው ነበር።

የሙር ታውን ማሩኖች ባህል እ.ኤ.አ. በ2003 የዩኔስኮን ዕውቅና አገኘ። ተራሮቹም እ.ኤ.አ. በ2015 በተፈጥሮም በባህልም የዓለም ቅርስ ሆነው ተመዘገቡ፤ ለጃማይካ የመጀመሪያዋ ነው።

ከካፋ የተነሣው ቡና

ቡና ጃማይካ የገባው እ.ኤ.አ. በ1728 ነው። የብሉ ማውንቴን ቡና ዝርያ አረቢካ ነው፤ መነሻው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ሲሆን በየመን በኩል ወደ ዓለም ተሠራጨ። በእኛ አገር ካፋና ያዩ የዱር ቡና እስካሁን በዛፍ ጥላ ሥር ይበቅላል። በብሉ ማውንቴን ግን የቡና እርሻ መስፋፋት ለቅርሱ ስጋት ከሆኑት ነገሮች አንዱ ነው። ቁልቁለቱ ላይ ያለው ዛፍ ሲመነጠር ዝናቡ አፈሩን ጠርጎ ወደ ወንዝ ይወስደዋል። ለቡናው ስም የሰጠው ደን በዚያው ቡና ምክንያት ከሳሳ፣ ውኃውም፣ ቢራቢሮውም፣ የማሩኖቹ የመድኃኒት ዕፅዋትም አብረው ይጎዳሉ። ውድ ዋጋ የሚከፍል ጠጪ ዛፉ ስለመኖሩም ቢጠይቅ ተገቢ ነው።

ከቤተሰብ ጋር ለመሄድ ካሰቡ

ወደ ጫፉ የሚወጡ ተጓዦች ብዙውን ጊዜ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ተነሥተው ፀሐይ ስትወጣ ይደርሳሉ፤ ሰማዩ ከጠራ ኩባ ትታያለች። ጫፉ ላይ ስለሚበርድ ሹራብ አይርሱ። ትናንሽ ልጆች ላሏቸው በብሔራዊ ፓርኩ ውስጥ ያለው ሆሊዌል ይሻላል፤ መንገዶቹ አጫጭር ናቸው። ከጁን እስከ ኖቬምበር የአውሎ ነፋስ ወቅት ስለሆነ ከዚያ ውጭ ያሉትን ወራት ይምረጡ። ቻርልስ ታውን ወይም ሙር ታውን ሲደርሱ ደግሞ የአካባቢውን ሰው አስጎብኚ አድርገው ይያዙ፤ ታሪኩን ከባለቤቶቹ አንደበት ይሰማሉ፣ ገንዘብዎም ደኑን ጠብቀው ለኖሩት ይደርሳል።