የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት

በአምቦ፥ በጉደር ወይም በጊንጪ አንዲት ወጣት ባለትዳር ቡና ሲቆላ ሽታው ካስጠላት፥ ከምግብ ሁሉ ይልቅ የቀዘቀዘ የአምቦ ውሃ ብቻ ካማራት፥ ጎረቤት ሳይነገረው ይገባዋል። ዐዋቂ ሴቶች ይጠቃቀሳሉ፤ አማት በልቧ ወር ትቈጥራለች፤ ባልየውም ምንም እንዳልሰማ ሰው ጋዜጣውን ይገልጣል። ስለ ነገሩ ግን ማንም አፉን አውጥቶ አይናገርም። ሆድ ገፍቶ እስኪታይ ድረስ ፅንስ የቤት ምስጢር ነውና።

ይህ ልማድ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚጨናገፍ ፅንስ ጥቂት አይደለም፤ ለሰው ሁሉ ከተወራ በኋላ ቢቀር በኀዘኑ ላይ ወሬ ይጨመርበታል። የሰው ዓይን መፍራትም አለ። እኛም ልማዱን ለመንቀፍ አልተነሣንም። ምስጢሩ ከጎረቤት ይጠበቅ፤ ከሐኪምና ከአዋላጅ ነርስ ግን አይደበቅ ነው የምንለው።

በአገራችን በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት፥ ቀደም ባሉት አምስት ዓመታት ከወለዱት እናቶች መካከል በእርግዝናቸው ጊዜ በሠለጠነ ባለሙያ የታዩት ከመቶ 62 ነበሩ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ውስጥ የሄዱት ግን ከመቶ 20 ብቻ ናቸው። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው አነስተኛ ጥናት ቍጥሩ ወደ 74 እና ወደ 28 ከፍ ብሏል። መሻሻሉ ደስ የሚያሰኝ ነው፤ ነገር ግን አብዛኞቹ እናቶች አሁንም የሚመጡት ዋነኛው ሥራ ካለቀ በኋላ ነው።

ዋነኛው ሥራ ያልነውም ይህ ነው። የልጁ አንጎልና አከርካሪ የሚሠሩት መጀመሪያ እንደ ቅጠል ተዘርግቶ፥ ከዚያም ተጠቅልሎ እንደ ቧንቧ ከሚዘጋ አካል ነው። ቧንቧው የሚዘጋው ከተፀነሰ እስከ 28ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው። አስቡት፤ በዚያን ጊዜ እናቲቱ የወር አበባዋ የዘገየው በድካም ይሁን በሌላ ምክንያት ገና አላረጋገጠችም። ቧንቧው በሚገባ ሳይዘጋ ቢቀር ልጁ አከርካሪው ክፍት ሆኖ ይወለዳል፤ የራስ ቅሉና አንጎሉ ሳይሟላ የሚቀርም አለ። ኢትዮጵያ ይህ ጉዳት በብዛት ከሚታይባቸው አገሮች አንዷ ናት።

ጉዳቱን በብዙው የሚከላከለው ፎሊክ አሲድ የሚባል ቪታሚን ነው፤ መጠኑም በቀን 0.4 ሚሊ ግራም ነው። ጎመን፥ ምስርና ባቄላ ይህ ቪታሚን አላቸው፤ ብቻቸውን ግን አይበቁም። ስለዚህ ልጅ ለመውለድ ያሰቡ ባልና ሚስት ኪኒኑን ገና ከማርገዝ በፊት መጀመር ይገባቸዋል። ያላሰበችው ደግሞ በጠረጠረች ቀን ትጀምር። በጤና ጣቢያ ከብረት ጋር አንድ ላይ ተደርጎ ይሰጣል። ብረቱ ሰገራን ያጠቍራል፤ ይህ ሕመም አይደለምና ኪኒኑን ለማቆም ምክንያት አይሁን።

አሁን ሁለት ሰዎችን በምሳሌ እንውሰድ። ባል ጊንጪ ላይ ጀማሪ የመንግሥት ጸሓፊ ነው እንበል፤ ሚስት ደግሞ በጀልዱ ወረዳ ከዋናው መንገድ ርቃ በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ታስተምራለች። የሚገናኙት በሳምንት መጨረሻ ነው። የመጨረሻው የወር አበባዋ የመጣው መስከረም 5 ቀን ነው። ጥቅምት አለፈ፤ ጧት ጧት ያቅለሸልሻታል፤ ተማሪዎቿ ፊት እንዳታፍር ጠመኔዋን አስቀምጣ ትወጣለች። እንግዲህ ምን ያድርጉ?

መጀመሪያ ይቍጠሩ። ሐኪሞች የመውለጃውን ቀን የሚያገኙት ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ጀምረው 280 ቀን በመቍጠር ነው። በፈረንጅ አቈጣጠር ወሩ አንዴ 30፥ አንዴ 31 ስለሚሆን ሒሳቡ ያስቸግራል። ወራችን እኩል 30 ቀን ስለሆነ ለእኛ ግን ይቀልለናል፤ ዘጠኝ ወር ከዐሥር ቀን መደመር ነው። መስከረም 5 ብለን ብንጀምር ሰኔ 15 ይመጣል። በመካከሉ ጳጉሜን ካለች ቀኖቿ 5 (ወይም 6) ይቀነሳሉ፤ የወር አበባዋ ጥር 1 የመጣ እናት ጥቅምት 11 ሳይሆን ጥቅምት 6 ትጠብቅ። ከቤተ ክርስቲያን የምንሰማው ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ከፅንስ ጀምሮ የሚቈጠር ስለሆነ ከዚህ ጋር አይምታታ። ልጅ ግን ሒሳብ አያውቅምና ሁለት ሳምንት ቢቀድም ወይም ጥቂት ቢዘገይ አያስገርምም።

ቀጥሎ ሦስተኛው ወር ሳያልፍ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። የዓለም የጤና ድርጅት በ2016 (እ.አ.አ.) ባወጣው መመሪያ እርጉዝ ሴት ቢያንስ ስምንት ጊዜ እንድትታይና የመጀመሪያውም እስከ 12ኛው ሳምንት እንዲሆን መክሯል። ብዙ ሰው ከዚያ ቀን ምርመራ የሚጠብቀው በሆድ ላይ እጅ መጫንን ብቻ ነው። ዋናው ግን ደም ነው። ደሟ ማነሱ ይታያል፤ የደም ዓይነቷ ይታወቃል። በተለይ አር ኤች የተባለው ምልክት በእናቲቱ ደም ሳይኖር በልጁ ደም ቢኖር ለተከታዩ ልጅ አደጋ ነው፤ አስቀድሞ ከታወቀ ግን መርፌ አለው። ቂጥኝ በፔኒሲሊን ይድናል፤ ኤች አይ ቪ ቢገኝም እናቲቱ መድኃኒቱን በጊዜው ከጀመረች ልጁ ነጻ ሆኖ ሊወለድ ይችላል። የጉበት በሽታ ምርመራም አለ። የደም ግፊቷ ተለክቶ ይጻፋል፤ በኋላ ቢጨምር የሚመዛዘነው ከዚህ ከመጀመሪያው ቍጥር ጋር ነው። በስድስተኛው ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ለመጣች ሴት ይህ ማነጻጸሪያ የለም። ባልየውም አብሮ ገብቶ ደሙን ይስጥ፤ በበሩ ላይ ቆሞ ጫማውን ማየት አይበቃም።

ስለ ምግብ ስንናገር፥ የእርጉዝ ሴት ምግብ ከሌላው ቤተ ሰብ የተለየ ድግስ አይደለም። ጤፍ፥ ባቄላ፥ ምስር፥ ጎመን፥ እንቍላልና ወተት በምዕራብ ሸዋ ገበያ የማይታጡ ናቸው። ችግሩ ያለው ከምግቡ ጋር በሚመጣው ቡናና ሻይ ነው። ሁለቱም በምግብ ውስጥ ያለው ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ይከለክላሉ፤ ስለዚህ ቡናው ከምግቡ አንድ ሰዓት ያህል ይራቅ፤ ቍጥሩም ይቀነስ። የማቅለሽለሹ ነገር ለብዙዎች በአራተኛው ወር ገደማ ይለቃል፤ እስከዚያው ከመኝታ ሳይነሡ ጥቂት ቆሎ ወይም ደረቅ ዳቦ መቅመስ፥ ከዚያም ጥቂት ጥቂት እያደረጉ ቶሎ ቶሎ መብላት ይረዳል። የአምቦ ውሃ ለአፍ ደስ ካለ ይጠጣ፤ ምግብንና ኪኒንን ግን አይተካም። ጾምን በተመለከተ የንስሐ አባትን ማማከር ነው።

ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት ለጊዜው ይቅር፤ በእነርሱ የሚመጣ በሽታ ፅንሱን ሊያስወርድ ይችላል። ጠላውም፥ ጠጁም፥ አረቄውም እንዲሁ ይቅር። ኮስሶ ከሁሉ ይከፋል! ብርቱ መድኃኒት ስለሆነ ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። ከጎረቤት ቁም ሣጥን የተገኘ ኪኒንም ሐኪም ሳይጠየቅ አይዋጥ። ገበያ ስትወጡ አዮዲን ያለው ጨው ግዙ። በ2003 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ለሰው ምግብ የሚሸጥ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው አዟል፤ የልጁ አእምሮ ይህን ይፈልጋል። አምቦ የመጡ ሙሽሮች ደግሞ በጣም በሚያተኵስ ውሃ ውስጥ ለረጅም ጊዜ መዘፍዘፍን በእነዚህ ወራት ይተዉ፤ ለብ ባለ ውሃ መታጠብ አይጎዳም። እንደ ባኮ ዝቅ ባለውና ወባ ባለበት አገር የምትኖር እናት ያለ አጎበር አትተኛ፤ ትኵሳት ከመጣባት በዚያው ቀን ትመርመር።

ከዚህ በታች ካሉት አንዱ ቢታይ ቀጠሮ አይጠበቅም። ደም መፍሰስ፥ በአንድ ጎን የሚበረታ የሆድ ሕመም፥ ራስን መሳት፥ ውሃ እንኳ እስከማያስቀር የሚያስመልስ፥ ትኵሳት። ከመጨረሻዎቹ ወራት ጋር ደግሞ ከባድ ራስ ምታት፥ የዓይን መደብዘዝና የፊት እብጠት።

ስለ ወሊዱ ዝግጅት ገና በሦስተኛው ወር መነጋገር ብዙዎችን ያስቃል። ጊንጪ፥ አምቦ፥ ጉደር፥ ጌዶና ባኮ ወደ ነቀምት በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ የተደረደሩ ከተሞች ናቸው፤ ከመንገዱ ወጣ ብሎ ለሚኖር ግን ክረምት ሲገባ የአንድ ሰዓቱ መንገድ ግማሽ ቀን ይሆናል። ለዚህ የተገኘው አንዱ መላ ቀኗ የደረሰ እናት በጤና ጣቢያ ወይም በሐኪም ቤት አጠገብ የምትቆይበት የእናቶች ማቆያ ነው። በአገራችን ቀደምት ከሆኑት አንዱ በ1976 (እ.አ.አ.) በጉራጌ አገር በአጣጥ ሐኪም ቤት የተከፈተው ነው፤ ዛሬ በብዙ ጤና ጣቢያዎች ይገኛል።

ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። ሰኔ 15 ማለት ዝናሙ የጀመረበት፥ ትምህርት ቤትም ሊዘጋ የተቃረበበት ጊዜ ነው። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች ዐዋጅ፥ በ2010 ዓ.ም. ሲወጣ፥ ለእናት ከወሊድ በፊት 30 ቀን፥ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን፥ ለአባት ደግሞ 10 የሥራ ቀን ፈቅዶ ነበር። የየክልሉ ሕግ ሊለይ ስለሚችል ሁለቱም የየመሥሪያ ቤታቸውን አስተዳደር ከአሁኑ ይጠይቁ። እርሷ ፈቃዷን ከግንቦት አጋማሽ ብትጀምር ዝናሙ ሳይበረታ ጊንጪ ትደርሳለች። እርሱም ከደመወዙ በየወሩ ጥቂት ለመኪና ያስቀምጥ፤ የአምቡላንሱን ስልክ ቍጥር በኪሱ ይያዝ፤ ደም ቢያስፈልግ የሚሰጡ ሁለት ጓደኞች ከአሁኑ ያነጋግር። የገንፎውን፥ በአካባቢው አነጋገር የማርቃውን፥ ቅቤ አማትየዋ ታስብበታለች፤ ስለዚያ ማንም ማሳሰቢያ አያስፈልጋትም። የቀረው የፊታችን ቅዳሜ ነው። መምህርቷ ከጀልዱ ስትወርድ ጸሓፊው መናኸሪያ ሄዶ ይቀበላትና ቤት ሳይገቡ ቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያው ይሂዱ።